ሃያ ሦስተኛዋ

ሲኤምሲ ያለው ያ ሕንፃ ዛሬ ሊፍት አለው፤ እኔ ግን በደረጃ ነው የምወጣው። አምስተኛው ፎቅ ላይ ጥርሴን የምታክመኝ ሐኪም አለች። እያለከለክሁ በገባሁ ቁጥር፣ "ምነው እህቴ፣ ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም እንዴ?" ትለኛለች። "ለጤናዬ ብዬ ነው" እላታለሁ። ውሸቴን ነው። ሊፍቱ የሚመላለስበትን ጉድጓድ ገና ባዶ ሳለ አውቀዋለሁ። እፈራዋለሁ። ያኔ ድምፅ ይመልስ ነበር።

ከቦሌ እስከ አያት ከተማው በሙሉ አጣና ለብሶ የቆመበት ዘመን ነበር። ጠዋት ከኦሎምፒያ ታክሲ ይዤ ስወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ካልተጨረሰ ሕንፃ በቀር የማየው የለም፤ ባለፈው ወር ሜዳ የነበረው ሁለት ፎቅ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሰው ሁሉ "አገር እያደገ ነው" ይላል። እኔም እል ነበር። በጸሐፊነት ዲፕሎማ ይዤ ያገኘሁት ሥራ ግን የሳይት ሰዓት ተቆጣጣሪነት ነው፤ ጠዋትና ማታ የቀን ሠራተኞችን ስም እየጠሩ መዝገብ ላይ ምልክት ማድረግ። ቢሮዬ ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረች። ቢሆንም ወንበር ነበረኝ፤ ወንበር ያለው ሰው ቆሞ የሚሠራውን ዝቅ አድርጎ ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ጉረኛ ነበርኩ፤ ምን እደባብቃለሁ።

የሴቶቹ መዝገብ ለብቻው ነበር፤ ሠላሳ ስም። አሸዋ ይነፋሉ፣ ውሃ በባልዲ ያወጣሉ፣ ለግንበኛው የተቦካውን ሲሚንቶ፣ ማልታውን፣ በባሬላ ያመላልሳሉ። ባሬላውን ሁለት ሆነው ነው የሚሸከሙት፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው ሰውዬ፣ አንዷንም በስሟ አይጠራም። "አንቺ ማልታ!" "አንቺ ባልዲ!" "አንቺ ወፍራሟ!" ይላል፤ እነሱም ይዞራሉ። ኢንጂነሮቹ ደግሞ ጭራሽ አያዩዋቸውም። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ዓይናቸው ሴቶቹን አልፎ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። በቀን ውስጥ ስማቸውን ከነአባታቸው የምጠራቸው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም እያዛጋሁ።

ብሎኬት የጫነ መኪና ሲመጣ በመዝገቡ ተራ ይሰለፋሉ። የካቦው ሥርዓት ነበር፤ ማን ከቦታዋ እንደጠፋች ባንድ እይታ እንዲያውቅ። ከመኪናው እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ ላይኛው ፎቅ ብሎኬቱን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ያሳልፉታል። ሳያዩ ይቀልባሉ፣ ሳያዩ ይወረውራሉ፤ እያወሩ፣ እየተሰዳደቡ፣ እየተሳሳቁ። ብሎኬት የጣለች በማግሥቱ ከበር ትመለሳለችና አንድም ቀን ሲጥሉ አላየሁም። በኋላ ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ሁሉ "የት ተማሩት?" ይል ነበር። እዚያው ነዋ።

ኳሱን ያመጣችው በመዝገቡ ሃያ ሦስተኛዋ ነበረች። የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። ሕንፃው የቆመበት መሬት የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ከአጥሩ በስተጀርባ የቀረችው አንዲት ጭቃ ቤት የእናቷ ናት። በሌላ አነጋገር በአባቷ ማሳ ላይ ማልታ ተሸካሚ ሆና ነበር የምትሠራው። እኔ ብሆን እናደድ ነበር። እሷ ግን በምሳ ሰዓት ሴቶቹን አስከትላ፣ "እዚህ ጋ በሬዎቹ ይታሰሩ ነበር፤ እዚህ ጋ የውሃ ጉድጓድ ነበረን" እያለች ታስጎበኛለች። በግቢው ውስጥ ጠንከርና ለጥ ያለ ቦታ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ በምሥራቅ በኩል አጥሩ ሥር። "አውድማችን ነው" አለች። ዘጠነኛ ክፍል እስክታቋርጥ ለትምህርት ቤቷ መረብ ኳስ ትጫወት ነበርና ያረጀ ኳሷን ከቤት ይዛ መጣች። ከሽንኩርት ጆንያ መረብ ሠሩ፣ ሁለት አጣና ተከሉ። ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን በአሥር ደቂቃ ውጠው የቀረውን ሰዓት ይጫወታሉ።

ሜዳው ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። በስማቸው ይጠራራሉ፤ እንደ እኔ እያዛጉ ሳይሆን በሙሉ ድምፅ። አንድ ቀን ካቦው ጨዋታ መሀል፣ "አንቺ ባልዲ፣ ነይ!" ብሎ ሲጣራ አምበሏ ኳሱን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ከደቡብ የመጣች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ጥቂት የሆነ ሴት ናት።

"ባልዲ እዚያ ጋ አለልህ። ሰው ከፈለግህ በስም ጥራ" አለችው።

ካቦው ሳቀ። ቢሆንም ስም ጠራ፤ እየተደናበረ፣ ቢሮዬ መጥቶ ጠይቆኝ።

አንድ ረፋድ ላይ አምበሏና ሃያ ሦስተኛዋ በአራተኛው ፎቅ ባሬላ ይዘው ያልፉ ነበር። የሊፍቱን ጉድጓድ የከደነው ጣውላ በቦታው አልነበረም። ለሌላ ሥራ ተነሥቶ በምትኩ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተነጥፏል። ልጅቷ ከፊት ነበረች። አምበሏ ስለዚያ ቀን የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ጩኸት አልሰማሁም። ባሬላው ድንገት ቀለለኝ።"

እኔ ቢሮዬ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ ከትከሻ ከተጣለ የሲሚንቶ ከረጢት አይለይም ነበር። ቀና እንኳ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቆርቆሮ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። ወንበሬን ለቀቅሁለት፤ አልተቀመጠም።

"ያቺ ልጅ የእኛ ሠራተኛ አይደለችም" አለኝ። "ከጎረቤት እንጨት ልትሰርቅ ገብታ ነው የወደቀችው። መዝገቡን በአዲስ ደብተር ገልብጪልኝ። ገባሽ?"

ገብቶኛል። ለሥራዬ ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ታዘዝኩ፣ ጻፍኩ፣ አለቀ። የእጅ ጽሑፌ ያማረ እንዲሆን እንኳ ተጠንቅቄያለሁ። ሲያስተምሩን ተራ ቁጥሩን አስቀድመን ከላይ እስከ ታች እንድንሞላ ያስለምዱን ነበርና ከአንድ እስከ ሠላሳ ደረደርኩ፤ ከዚያ ስሞቹን ከአሮጌው ደብተር እያየሁ በየቁጥራቸው አሰፈርኩ። የእሷን ዘለልኩ። ምን እንዳደረግሁ ያየሁት በማግሥቱ ጠዋት ነው።

ስም የምጠራው በምድር ወለሉ፣ ከሊፍቱ ጉድጓድ አፍ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጉድጓዱ የየስሙን መጨረሻ ወደ ላይ ይወስድና ቆይቶ ይመልስልኛል፤ ለምጄዋለሁ። ሃያ ሁለተኛዋን ጠራሁ፤ "አቤት" አለች፤ ጉድጓዱም መለሰ። ከዚያ ዓይኔ ባዶው መስመር ላይ አረፈ። ቁጥሩ አለ፣ ስም የለም። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከጉድጓዱ ምንም አልመጣም፤ ግን የሚያዳምጥ ዓይነት ዝምታ ነበር። ቶሎ ብዬ ሃያ አራተኛዋን ጠራሁ።

ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። በሰልፉ መሀል፣ በሃያ ሁለተኛዋና በሃያ አራተኛዋ መካከል፣ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ክፍት ነበር። ካቦው "ጠጋ ጠጋ በሉ!" አለ። አልተጠጉም። ብሎኬት ሲያሳልፉም እንደዚያው፤ ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ እጥፍ አርቀው ይወረውራሉ። ብሎኬቱ ባዶው ቦታ ላይ ሲያልፍ ለቅጽበት የሚዘገይ፣ የሆነ እጅ ነክቶ የሚያሳልፈው ይመስለኝ ነበር። ሞኝነቴ ነው። ግን ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ቁርሴን ትቼ እዚያ አፈጥ ነበር።

ቁጥሩን ሰርዤ ማስተካከል እችል ነበር። አላስተካከልኩም። ደፍሬ ይሁን ፈርቼ ዛሬም አላውቅም። በየጠዋቱ ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ እቆማለሁ፤ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።

እናቷ መምጣት የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው። አጥሩ አሮጌ ቆርቆሮ በመሆኑ የጠዋት ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ እንደ ወንፊት ይገባል። ስም መጥራት ስጀምር አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች አንድ ባንድ ይጨልማሉ። የጨለሙት ቀዳዳዎች የሰው ቁመት ነበራቸው። ስጨርስ እንደገና ይበራሉ። እሳቸው መሆናቸው መጀመሪያ የገባው ዘበኛው ነው፤ እኔማ ለሁለት ቀን አጥሩን መጠጋት እንኳ ፈርቼ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ቢሮዬ ገቡ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ነጠላቸው በሐዘን ደንብ ተዘቅዝቋል።

"ስም የምትጠሪው ልጅ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እማማ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጡም። "በየቀኑ እሰማሻለሁ። እሷ ጋ ስትደርሺ ትቆሚያለሽ።"

ደብተሩን ዘጋሁት።

"ለቅሶ የመጣው ሁሉ 'እንጨት ልትሰርቅ ገብታ ነው' እያለ ነው የሄደው። ኢንታላ ኮ" አሉ በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "በአባቷ መሬት ላይ ሌባ ተብላ ተቀበረች። እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ከጓደኞቿ ጋር ስትጠራ አንድ ጊዜ ልስማ።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ታዛዥ ነኝ" አልኳቸው።

ጥቂት አዩኝና "ይሁን" ብለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሴቶቹ በአፍ አልተከራከሩም። "ምስክር ነኝ፣ አብራን ትሠራ ነበር" ያለችውን አንዲቷን ካቦው በማግሥቱ ከበር መልሷታል። እነሱ ኳሱን ነው ያነሡት። አውድማው ላይ በአምስት ሰው መጫወት ጀመሩ፤ ስድስተኛው ቦታ ባዶ። በመረብ ኳስ ቡድኑ ኳስ የማስጀመሩን ተራ መልሶ ባገኘ ቁጥር ተጫዋቾቹ ቦታ እየቀየሩ ይዞራሉ፤ ባዶው ቦታም አብሯቸው ይዞራል። ኳስ የማስጀመሩ ተራ ባዶው ቦታ ጋ ሲደርስ ኳሱን መስመሩ ላይ ያስቀምጡና እጃቸውን ወደ ታች አድርገው ይቆማሉ። ከመረቡ ወዲያ ያሉት ደግሞ ይጠብቃሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይናገር። ከዚያ ነጥቡን ለተጋጣሚ ለቅቀው ይቀጥላሉ። አጥሩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በምሳ ሰዓትም መጨለም ጀመሩ።

ነገሩ ሳይቱን በሙሉ አዳረሰው። ከሴቶቹ ጋር ይጫወቱ የነበሩ ሾፌሮች ተዉ። ግንበኞቹ ምሳቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጥግ ሄዱ። ካቦው ሳይቀር አውድማውን በዙሪያው እንጂ አቋርጦ አያልፍም። አንድ ወጣት ኢንጂነር፣ "ለምን አንዷን አታስገቡም? ስድስት መሆን አለባችሁ እኮ" ቢላት አምበሏ፣ "ስድስት ነን" አለችው። ልጁ ሰማንያ ጊዜ ዞር እያለ ሲያይ ትዝ ይለኛል።

የመጨረሻው ሶሌታ፣ የጣሪያው ኮንክሪት፣ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። እንደ ደንቡ ያን ቀን በግ ይታረዳል። ሥራ አስኪያጁ ዩኒቨርሲቲ ሳለ መረብ ኳስ ይጫወት ስለነበር "ለሞራል" ብሎ ግጥሚያ አዘጋጀ፤ የቢሮው ቡድን ከግንበኞቹ። አምበሏ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፊቱ ቆመች።

"ከእናንተ ጋር የምንጋጠመው እኛ ነን" አለችው።

"እናንተ?" ሳቀ። "ካሸነፋችሁ በጉን በሙሉ እናንተው ብሉት!"

"በግ አንፈልግም። ካሸነፍን አንድ ጠዋት ስሟ ይጠራ። እናቷ አጥሩ ሥር ሆነው ይስሙ።"

"የማን ስም?"

"እርስዎ ያውቁታል።"

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ ግን የረሳው ነገር ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል። "እሺ፣ አሸንፉና ይጠራ" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ነጭ ስኒከር አድርጎ፣ ኢንጂነሮቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ሴቶቹ በላስቲክ ጫማቸው፣ አምስት ሆነው፣ ባዶውን ቦታ መሀላቸው አድርገው ቆሙ። ለማሸነፍ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም ነበር፤ ኳሱን ባዶው ቦታ ላይ መጣል ብቻ። እኔም ያን ነበር የጠበቅሁት። ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም።

አልጣሉትም።

መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁ መታ፤ ወደ አምበሏ። እንደ ብሎኬት ቀልባ መለሰችው። ወጣቱ ኢንጂነር መታ፤ ወደ ጥግ። ተመለሰ። ባዶው ቦታ ሜዳው መሀል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ኳሱ ግን በግራው ይሄዳል፣ በቀኙ ይሄዳል፣ ከመስመር ውጪ ይወጣል። አንዱ ኢንጂነር ዘሎ ኳሱን ወደዚያ ሊያወርድ ክንዱን አነሣና አየር ላይ ሐሳቡን ለወጠ፤ መረቡን መታ። "ምን ሆነህ ነው?" አለው ሥራ አስኪያጁ። "እንጃ" አለ። ያኔ ነው የገባኝ። እነዚህ "የለችም" ያሉ ሰዎች እሷን እንዳይመቱ እየተጠነቀቁ ነበር።

ሴቶቹ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ኳሱን መስመሩ ላይ እያስቀመጡ ነጥብ ይለቃሉ። በዚያም ሆኖ ወንዶቹ በገዛ ስህተታቸው ሊሸነፉ አንድ ነጥብ ቀራቸው። ኳሱን ማስጀመሩ የሥራ አስኪያጁ ተራ ነበር። ባዶው ቦታ ፊት ለፊቱ ነው፤ ከቦታው ኋላ አጥሩ፣ አጥሩ ላይ የጨለሙት ቀዳዳዎች። ኳሱን ሁለት ጊዜ አነጠረ። ላቡን ጠረገ። ወደ ባዶው ቦታ ረጅም ጊዜ አየ፤ አንድ ቦታ ላይ፣ የሰው ዓይን በሚሆንበት ከፍታ ላይ። ከዚያ መታና ኳሱ አጥሩን አልፎ ወጣ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሴቶቹ እንኳ አልጮኹም፤ ተቃቅፈው ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ ኳሱ ከአጥሩ ማዶ ተወርውሮ ተመለሰና አውድማው ላይ አረፈ። አምበሏ አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ሲቀይር ሄዳ አጠገቡ ቆመች። "ጨዋታ ነው እኮ" አላት ቀና ሳይል። "ጨዋታና ሥራ አታምታቱ።" ወደ መኪናው ሲያልፍ እኔን አየኝ። "ነገ ከዚያው ደብተር ነው የምትጠሪው" አለኝ።

አምበሏ ወደ እኔ ዞረች። ደብተሩን አየች። ደብተሩ የተያዘው በእኔ እጅ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ነገሩ የእነሱ፣ የእናቷና የሥራ አስኪያጁ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ባዶው መስመር ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ። እንደሌሎቹ አላማረም። ሴቶቹ ክፍተቱን ትተው ተሰለፉ፤ ሥራ አስኪያጁ መኪናው አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራል። ፀሐይዋ በቀዳዳዎቹ ገባች፤ ጥቂቶቹ ጨለሙ። ከአንድ ጀመርኩ። ሃያ ሁለት ላይ ስደርስ ያን ቀን ከሥራ እንደምባረር አውቄ ነበር፤ ተባረርኩም። ሃያ ሦስተኛዋን ጠራሁ።

ስሙ በጉድጓዱ ወደ ላይ ወጣ፤ አራተኛው ፎቅ ደረሰ መሰለኝ፤ ቆይቶ ተመለሰ። የሥራ አስኪያጁ ወሬ ተቋረጠ። ከሴቶቹ አንዷም አልመለሰችም፤ ቦታው የእነሱ አልነበረምና። ደብተሬን ይዤ ጠበቅሁ።

"አቤት" አሉ እናቷ ከአጥሩ ማዶ።

ከስሟ ትይዩ የመገኘት ምልክቱን አደረግሁ። ከዚያ ሃያ አራተኛዋን ጠራሁ።